ዳሳሹ መቼ «ይብራ»፣ መቼስ «ይንቃ»?

ጥያቄ፦ የአንድን ብረት ዘንግ ሙቀት አስተላላፊነት ለማወቅ፣ በላዩ ከተደረደሩ የሙቀት ዳሳሾች (ሴንሰሮች) የትኞቹ በየትኛው ቅጽበት ይለኩ የሚለውን ስለሚወስን ስሌት እየጻፍኩ ነው። ዳሳሹን «ማብራት» ልበል ወይስ «ማንቃት»?

መልስ፦ ሁለቱም ያስፈልጉዎታል፤ አንዱን በሌላው ቦታ ካስገቡ ግን ነገሩ ይምታታል። ዳሳሽ ባትሪው ተገናኝቶ፣ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ ምንም ሳይለካ ሊቆይ ይችላል፤ በርቷል፣ ግን አልነቃም። የእርስዎ ስሌት የሚመርጠው የመንቂያውን ጊዜ ነው። የዘንጉ ሁለት ጫፎች በቋሚ ሙቀት ከተያዙና ውስጡ ሌላ የሙቀት ምንጭ ከሌለ፣ በመጨረሻ ሙቀቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቀጥታ መስመር ይደላደላል። ዘንጉ ወጥ ከሆነ መስመሩ ለመዳብም ለአሉሚኒየምም አንድ ስለሆነ፣ ያኔ የነቃ ዳሳሽ ስለ ሙቀት አስተላላፊነት የሚነግረን የለም። ሙቀቱ ገና ያልደረሰበትም እንዲሁ ነው። ሁሉንም ማንቃት ባትሪና የሬዲዮ ሞገድ ይፈጃል፤ ስለዚህ በየጊዜ ክፍሉ የሚነቁት የፊሸርን የመረጃ ማትሪክስ (ልኬቶቹ ስለምንፈልገው መጠን ምን ያህል እንደሚነግሩን የሚያሳይ የቁጥሮች ሰንጠረዥ) ዲተርሚናንት፣ ማለትም ሰንጠረዡን የሚያጠቃልለውን አንድ ቁጥር፣ ይበልጥ የሚያሳድጉት ናቸው።

ወደ ቃሉ ስንመለስ፣ ከእንቅልፍ «ነቃ» የግእዙ ነቅሀ ነው። ሸክላ «ነቃ» የምንለው ግን ከነቅዐ፣ ተሰነጠቀ፣ የመጣ ነው፤ ነቅዕ፣ ምንጭ፣ የእሱ ዘመድ ነው። አማርኛ ሀንና ዐን ሲውጥ ሁለቱ ግሦች አንድ መልክ ያዙ። በዚህ ሰበብ «ዳሳሹ ነቃ»ን ተሰነጠቀ ብሎ የሚያነብ ይኖራል ብለው ቃሉን የሚሸሹ አሉ። ከንቱ ስጋት ነው፤ ዐውዱ ይለየዋል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ «ያነቃል» በሚባልበት «ያንቃል» ከጻፉ ዳሳሹን አነቁት፤ ይህኛው ከኀነቀ የመጣ ነውና። «ማስነቃት»ም አይሆንም፤ እሱ ምስጢር ማጋለጥ ነው።

«ዳሳሽ»ን፣ መሣሪያው ሁልጊዜ የሚለካውን ስለማይነካ፣ ስሕተት ነው የሚሉም አሉ። የዳሰሳ ጥናት የሚያደርግ ሰው ምን ይነካል? ከዳሰሰ «ዳሳሽ»፣ ከአደሰ «አዳሽ»፤ እርባታው የጠራ፣ ለጆሮም የሚጥም ነው። ሆኖም ቤተ ሙከራው ሁሉ «ሴንሰር» ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ወደድኩም ጠላሁም ገብቷል። እርስዎም ቢጽፉት አልሰርዘውም። «አክቲቬት ማድረግ»ን ግን እሰርዛለሁ።