ያሠለጠንኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ

ጥያቄ፦

ዕድሜዬ 46 ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀለምና የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃ በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ 17 ዓመት በሴልስ ሠርቻለሁ። መርካቶም ተክለ ሃይማኖትም ያሉ ነጋዴዎች ድርጅቱን የሚያውቁት በእኔ ነው። የዛሬ አራት ዓመት ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ሱቅ ለሱቅ ይዤው የዞርኩት ልጅ ባለፈው ሐምሌ ሱፐርቫይዘር ሆኖ ተሾመብኝ። ከሱ በኋላ የገቡ ሁለት ሴቶችም በሽያጭ በልጠውኛል። አንዷ ጭራሽ ሱቅ አትዞርም፤ በቲክቶክ ነው የምትሸጠው። ማናጀራችን ወር ባለቀ ቁጥር የሁላችንን ደረጃ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጥፋል። የእኔ ስም ታች ነው። ልጁ አሁንም “ጋሼ” ይለኛል፤ የሚያሾፍብኝ ይመስለኛል። እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ። ቤት ስገባ በትንሹም በትልቁም እቆጣለሁ። ባለቤቴ ደግሞ አትረዳኝም። ከዓመት ወዲህ የልጆች ልብስ በቴሌግራም እሸጣለሁ ብላ ስልኳ ላይ ተተክላ ነው የምታመሸው። ስለ ሥራዬ ሳነሳባት “አንተ ደግሞ ምን ሆነሃል?” ነው መልሷ። ሥራውን ለቅቄ የራሴን ልጀምር ወይስ ችዬ ልቀመጥ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ በዕድሜ እኩያህ ስለሆንኩ “አንተ” ብልህ አትቀየመኝ።

ሕመምህ እውነተኛ ነው። እኛ አገር ታላቅ በታናሹ ሲታዘዝ ቀላል አይደለም። እጁን ይዘህ ያስተማርከው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስምህ በባልደረቦችህ ፊት ከታች ተለጥፎ ማየትም ያሳፍራል። (ደረጃ እየለጠፉ ሰው ማትጋት የሚሉት ነገር ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። አንደኛ የወጣውን ያስደስተዋል፤ የመጨረሻውን ግን እራቱን ያስቀረዋል እንጂ አያተጋውም።) ገበያውም አልረዳህም። ከሐምሌ 2016ቱ የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ መሸጥ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ የሽያጭህን መውረድ ሁሉ በዕድሜህ አታሳብብ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ የቀረው ልጁ ላይ አይደለም። ስለ ባለቤትህ የጻፍካት አንዲት መስመር ላይ ነው።

ደብዳቤህ ውስጥ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ተቆጥሯል። ልጁም አለ፣ ሁለቱ ሴቶችም አሉ፣ የአንዷማ በምን እንደምትሸጥ ጭምር ተጽፏል። ባለቤትህ ግን ሻጭ መሆኗ ቀርቶ “ስልኳ ላይ ተተክላ” የምታመሽ ሴት ሆነች። ይሁንላት አይሁንላት አልነገርከኝም። አንተ በኮሚሽን የምታድር ሰው ሆነህ ሽያጭህ ሲወርድ የቤቱ ወጪ እንዴት እንደተሸፈነም አልጻፍክም። መስከረም ላይ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ ከማን ኪስ ወጣ? መልሱን አንተ ነህ የምታውቀው። ይህን ስታነብ ሆድህ ውስጥ አንድ ነገር ከተላወሰ ግን፣ ልናወራ የሚገባን ስለሱ ነው።

ሌላም አለ። 17 ዓመት ሲሸጥ የኖረ ሰው ቤት ውስጥ ሚስቱ መሸጥ ስትጀምር መቼም አንድ ሁለት ነገር መጠየቋ አይቀርም። “ቀንሺልኝ” እያለች እስከ እኩለ ሌሊት ስለምትጽፍላት ደንበኛ። ዕቃው ከደረሳት በኋላ ብር ስለማታስገባ ሴት። ስትጠይቅህ ምን መለስክላት? ልጁን ሱቅ ለሱቅ አዞርከው። እሷንስ?

አብርሃም ቴሰር የሚባል አሜሪካዊ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተመው አንድ ሙከራ አለ። ወንዶች ጓደኛቸውን ይዘው መጥተው ቃል የማስገመት ጨዋታ ይጫወታሉ። ገማቹ አንዴ ጓደኛቸው ነው፣ አንዴ የማያውቁት ሰው። ፍንጩን የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ ቀላልም ከባድም ቀርቦላቸዋል። ገሚሶቹ “ይሄ ዝም ብሎ ጨዋታ ነው” ተባሉ። እነዚህ እንደምንጠብቀው ለጓደኛቸው አደሉ፤ ቀለል ያለውን ፍንጭ ሰጡት። ለሌሎቹ ግን ጨዋታው ቁም ነገር ያለው ችሎታ እንደሚለካ ተነገራቸው። እነዚህ ደግሞ ቀለል ያለውን ለማያውቁት ሰው ሰጥተው ከባዱን ለጓደኛቸው አደረጉት።

ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም። ጓደኛቸውን ስለማይወዱም አይደለም። ቴሰር እንደሚያስረዳው የቅርብ ሰው ስኬት እንደ ሙያው ይለያያል። እኛ በማንፎካከርበት ሙያ ከሆነ “የእኔ እኮ ነው” እያልን እንኮራበታለን። ራሳችንን በምንለካበት ሙያ ከሆነ ግን ቅርበቱ ራሱ ያማል። ሩቅ ያለ ሰው ቢበልጠን እንደዚያ አንቆጭም። ባለቤትህ ነርስ ሆና ሹመት ብታገኝ ኖሮ ጓደኞችህን ቁርጥ ትጋብዝ ነበር። የጀመረችው ሽያጭ ሆነና ስልኳን ጠላኸው።

ከአንድ ሙከራ ተነስቶ የሰው ትዳር ውስጥ ዘው ማለት እንደማይገባ አውቃለሁ። ባለቤትህን አላየኋትም፣ የጻፍክልኝም ጥቂት መስመር ነው። ቢሆንም “አትረዳኝም” ስትል እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው፤ አንተስ እሷን ረድተሃታል ወይ?

“ምን ሆነሃል?” ስትልህ ንቀት ነው የሰማኸው። ሊሆን ይችላል። ለእኔ ግን መልስ ያጣ ጥያቄ ይመስለኛል። ልጁ አለቃህ መሆኑን ነግረሃታል? ደብዳቤህ ውስጥ የለም። እኔ ዘንድ የሚመጡ ብዙ ባሎች ሚስታቸውን “ድርጅቱ ተበላሽቷል፣ ሰዉ ተበላሽቷል” ይሏታል። “እኔን ቀደሙኝ፣ ፈራሁ” የሚላት ግን ጥቂት ነው። ከዚያ ያልሰማችውን ነገር አላጽናናችኝም ብለው ያኮርፋሉ። ያኮረፉበትን ደግሞ አይናገሩም። ሚስት የኮሚሽን ወረቀት አይታ ባሏን አትለካም፤ አንተ ግን አስቀድመህ የለካችህ ያህል ተቆጥተሃል። ቤት ውስጥ ደረጃ የለጠፈ ሰው ካለ፣ አንተ ነህ።

ስለ ልጁም አንድ ነገር ልበል። “ጋሼ” ሲልህ ያሾፈብህ ይመስልሃል። ታዲያ ምን ይበልህ? በስምህ ቢጠራህ “ተሾመና ናቀኝ” ትል ነበር። አባቱ የሚሆን ሰው ማዘዝ ለእሱም ጭንቅ ነው፤ “ጋሼ” ማለቱ ከዚያ ጭንቅ መውጫው ሊሆን ይችላል። አሁን አንተ ጋ ያለውን አስበው። የትኛው ነጋዴ ከጁምዓ በኋላ ካልሆነ እንደማያናግር፣ የትኛው ቡናውን ሳይጠጣ ዋጋ እንደማይሰማ፣ የማን ቼክ ደረቅ እንደሆነ ታውቃለህ። ይህን ቲክቶክ አይነግራቸውም። ከሐምሌ ወዲህ ከዚህ ውስጥ ስንቱን ነገርከው? ምናልባት እሱም ከባድ ከባዱን ፍንጭ ደርሶት ይሆናል።

“የራሴን ልጀምር” ላልከው፣ ቤትህ ውስጥ እኮ አንድ ዓመት የሞላው ንግድ አለ። አደራ፣ ገብተህ ያዘው ማለቴ አይደለም! ይሄን አንብበህ ነገ “እስቲ አምጪው፣ እኔ ላሳይሽ” ብለህ ከተነሳህ የባሰ ነገር ነው የምታመጣው። እልኸኝነትና ውርደት ተደባልቀው ባሉበት ሰዓት መልቀቂያ አይጻፍም፤ ለጊዜው ባለህበት ብትቆይ ይሻላል እላለሁ።

ምን ላድርግ ካልክ፣ ብዙ የለኝም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ የሆነውን እንዳለ ንገራት። “ያሠለጠንኩት ልጅ አለቃዬ ሆነ፣ ከበደኝ” ካልክ ይበቃል። ድርጅቱን ማማት አያስፈልግም። ሌላ ቀን ደግሞ ቻናሏን እንድታሳይህ ጠይቃት፤ ስታሳይህ አታርም። ዋጋ አወጣጧ ቢያስቅህም፣ የፎቶው ብርሃን ቢጨልምም ዝም በል። ለ17 ዓመት ሻጭ ይህ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። መጀመሪያ ላይ ላታምንህ ትችላለች፤ ዓመቱን ሙሉ ፊትህ ተቋጥሮ ሰንብቶ በአንድ ማታ አይፈታላትም።

እንቅልፍ ማጣትህንና ቁጣህን ግን በደብዳቤ ብቻ አልተወውም። ሳምንታት ከዘለቀ በአካል የሚያይህ ባለሙያ ያስፈልግሃል። “የሥነ ልቦና ባለሙያ” ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። በጭንቀትና በትዳር ጉዳይ ቁጭ ብለው የሚያወያዩ አማካሪዎች ግን ከተማው ውስጥ አሉ። ብትችል ለብቻህ ጀምር፣ ቆይተህ ከእሷ ጋር ሂዱ። እሷ “አልሄድም” ብትል አትግፋት።

ሥራ የመልቀቁን ነገር ከዚያ በኋላ ጻፍልኝ። ያኔ ግን ደብዳቤውን ሁለታችሁ ሆናችሁ ብትጽፉት ደስ ይለኛል። ልቀቅ ከተባለም፣ መነሻ ካፒታሉ ከእሷ የልጆች ልብስ መውጣቱ አይቀርም።