ድልድይ የሚሠራ ሞልቷል፤ ቱቦውን ማን ይጥረግ?

ጥያቄ፦ እንዴት ከረማችሁ? ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው የምኖረው፤ እህል እነግዳለሁ። የቀበሌያችን መንገድ ተለካ፣ ችካል ተተከለ፣ አፈሩም ተጠረገ። ከዚያ ኮንትራክተሩ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። ክረምት ላይ አይሱዙ አይገባም፤ ጤፉን በአህያ አውጥተን አስፋልት ዳር ነው የምንጭነው። ባህር ዳር ላይ ግን ያንን የሚያክል ድልድይ ተሠራ። ገንዘብ የሚጠፋው ለኛ ሲሆን ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል። ግን ሁለቱ ከአንድ ኪስ አይወጡም። ግንቦት 2016 ላይ የተመረቀው የባህር ዳሩ አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፤ ገንዘቡ የፌዴራል መንግሥት ነው፣ ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ወጥቶበታል፣ የሠራው ደግሞ የቻይና ኩባንያ ነው። የቀበሌ መንገድ የክልልና የወረዳ ሥራ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ትልቅ ፕሮግራም ሲጀመር፣ ሥራው በብዛት የተሰጠው ለአነስተኛ የአገር ውስጥ ተቋራጮች ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ አነስተኛ ተቋራጭ ትከሻው ቀጭን ነው፤ ቅድመ ክፍያውን ይወስዳል፣ ግሬደር ይከራያል፣ ቀጣዩ ክፍያ ከዘገየበት ኪራዩን መክፈል ያቅተዋል።

በዚህ ላይ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ወራት ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ነዳጁ፣ ጎማው፣ የማሽን መለዋወጫው ሁሉ በዶላር ነው የሚገባው። በድሮ ዋጋ ውል የገባ ሰው ሠርቶ ከመክሰር ጥሎ መሄድ ይሻለዋል። የጸጥታውን ነገር ደግሞ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ተኩስ ባለበት ማሽኑን የሚያሳድር ባለንብረት የለም።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ሂድና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ውሉ ተቋርጧል ወይስ ለጊዜው ቆሟል? ለጊዜው ከቆመ የሚጠበቀው ክፍያ ወይም የዋጋ ማስተካከያ ነው። ከተቋረጠ ግን አዲስ ጨረታ ያስፈልጋል፣ ጨረታ ደግሞ በጀት ይፈልጋል፣ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሄዶ መጮህ ምንም አይጠቅምም፤ ዕቅድ ሲወጣ፣ በበጋው ነው መድረስ ያለብህ። ብቻህን ሳይሆን አሥር ነጋዴ ሆናችሁ ሂዱ። ደግሞ እባካችሁ አስፋልት አትጠይቁ! መጀመሪያ ቱቦ፣ የውሃ መውረጃ ቦይና የወንዝ መሻገሪያ ጠይቁ። የእናንተ አፈር ዋልካ ነው፤ ውሃው መሄጃ ካላገኘ የተነጠፈው ጠጠር አንድ ክረምት እንኳ አይዘልቅም።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም የማስተምር መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «በእርዳታ የተሠራና በብድር የተሠራ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁሉም ያው የፈረንጅ ገንዘብ አይደለም ወይ?» ብለው አፋጠጡኝ።

መልስ፦ አይደለም በያቸው፣ እህቴ። ምሳሌውም እዚያው ጎጃም ውስጥ አለልሽ። ከአዲስ አበባ ስትመጪ አባይ በረሃ ላይ የምትሻገሪው፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያደርሰው በገመድ የተወጠረው ድልድይ፣ የጃፓን መንግሥት ስጦታ ነው። የሠራውም የጃፓኑ ካጂማ ነው። የሚመለስ ገንዘብ የለውም። መራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ግን፣ 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የታሰበው፣ ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር ነው የተሠራው፤ እንዲህ ያለው ብድር ወለዱ እዚህ ግባ የማይባል፣ መክፈያውም በአሥርት ዓመታት የሚቆጠር ነው። ሦስተኛው ዓይነት ያስፈራል። በ2007 ዓ.ም. አገራችን ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች፣ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ። ታኅሣሥ 2016 ላይ የ33 ሚሊዮን ዶላር የወለድ ክፍያ ሳይከፈል ቀረ። ለግድብ የተዋጣውንም ተማሪዎችሽ ያውቁታል፤ ከደመወዝ እየተቆረጠ በቦንድ የተሰበሰበው የራሳችን ገንዘብ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ስጦታም ይሁን ብድር፣ ሰጪው ምርቃቱ ላይ ይገኛል፤ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ወጪ የኛው ነው፣ እሱን የሚሰጥ ደግሞ ብዙ አታገኚም። አባይ በረሃን ተመልከቺ። ድልድዩ ደህና ነው፤ ከግራ ከቀኝ ያለው ቁልቁለት ግን መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፣ ይታደሳል፣ ደግሞ ይሰምጣል። ለመንገድ ጥገና ተብሎ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም፣ ዋና ገቢው በነዳጅ ላይ የሚጣል ታሪፍ ነበር። ስለዚህ ባጃጅ የሚሳፈር ተማሪም ሳያውቀው ለመንገድ ጥገና ያዋጣል ማለት ነው። ይህንን ንገሪያቸው፤ የሚከፍል ሰው ለመጠየቅ አፉ ይፈታል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው የምጽፈው፣ ሽማግሌ ነኝ። አባይ ላይ ያለውን የጥንቱን ሰባራ ድልድይ ፈረንጆች ጠገኑት ሲባል ሰምቼ ነበር። እውነት ነው? ምነው ታዲያ መልሶ ፈረሰ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ አባባ። በፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ያ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው፣ ይህን እርስዎ ከኔ በላይ ያስታውሱታል። አንድ አሜሪካዊ ፎቶውን መጽሔት ላይ አይቶ መጣና ከአካባቢው ሰው ጋር ሆኖ ክፍተቱን በብረት አገናኘው። ጥቂት ዓመት እንደቆየ የአባይ ሙላት ወሰደው። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም፤ የጥንቱ ድልድይ ዝቅ ያለ ስለሆነ ውሃው ከፍ ሲል ያገኘዋል። ስለዚህ በኋላ ሌላ ቦታ መረጡና ከውሃው ከፍ ያለ የገመድ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠሩ። መኪና አያሳልፍም። ሰውና አህያ ግን ያሳልፋል፣ ለገበያተኛው ደግሞ ትልቁ ነገር እሱ ነው።