መልስ፦ የዛገ የመኪና ሻንሲ (አካሉን የሚሸከመው የሥሩ ብረት) ላይ ፀረ ዝገት በቀጥታ መቀባት ይቻላል?

አይቻልም። ቅባቱ ሥር የቀረው ጭቃ እርጥበት ይዞ ብረቱን ይበላዋል፤ ከላይ ጥቁር ሆኖ ስለሚያምር ደግሞ አያዩትም።

1. የደረቀውን ጭቃ በውሃ አርሰው ትንሽ ያቆዩት፣ ከዚያ ይጠቡት። የውሃውን ጎማ በሻንሲው ቀዳዳዎች አስገብተው ጥርት ያለ ውሃ እስኪወርድ ይልቀቁበት፤ ክፉው አፈር የሚደበቀው እዚያ ነው።

2. የሚረግፈውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይፈግፍጉ።

3. በደንብ ሲደርቅ ይቀቡ። ፍሬኑንና ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ቅባት አያስነኩ፤ የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎቹንም አይድፈኑ።

ኃይለኛ ግፊት ያለውን ውሃ ግን ከክሮቼራው (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚወስደው ዘንግ መጋጠሚያ) ያርቁ። እኔ አንድ ጊዜ ለጽዳት ስጓጓ አስጠግቼ ረጨሁበት፤ ግራሶው (ማለስለሻው) ታጥቦ ኖሮ ብዙም ሳይቆይ ይንጫጫ ጀመር። አሁን ካጠብኩ በኋላ ግራሶ ሳልሞላ መኪናውን አላንቀሳቅስም።