ከገርጂ ወደ ጣና ዳር፦ ባሕር ዳር ወይስ ጎንደር?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ የምንኖር አምስት የቤተሰብ አባላት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጃችን፣ የአራት ዓመት ወንድ ልጃችንና ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናቴ። የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ከሚቀጥለው መስከረም ጀምሮ በባሕር ዳር ወይም በጎንደር ቅርንጫፉ እንዲሠራ ምርጫ ሰጥቶታል። እኔ ደግሞ ከቤቴ ሆኜ በኢንተርኔት ለአዲስ አበባ ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ። እናቴ የደም ግፊትና የጉልበት ሕመም አለባቸው። በመንገድ ላይ የሚያልቀው ጊዜያችንና የኑሮው ውድነት ስላሰለቸን ኮንዶሚኒየማችንን ሸጠን ሐይቁ አጠገብ ቤት ለመግዛት አስበናል። የትኛው ከተማ ይሻለናል? ቤቱንስ ብንሸጥ ይመከራል? (ሀ. ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ክብርት ጠያቂያችን፣ ለእርስዎ ቤተሰብ ባሕር ዳርን እመርጣለሁ። ሆኖም ባለቤትዎ መስከረም ላይ ብቻቸውን ቀድመው ይምጡና ቤት ይከራዩ፤ እርስዎና የቀሩት ቤተሰቦችዎ ልጅዎ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን ከወሰደች በኋላ ይከተሏቸው፤ ኮንዶሚኒየሙንም አይሽጡ፣ ያከራዩት።

ከልጅዎ ልጀምር። የስምንተኛ ክፍል ፈተናን አዲስ አበባ የምታዘጋጀው ለብቻዋ ነው፤ የአማራ ክልልም የራሱን ያዘጋጃል። አንዲት ተማሪ በፈተናው ዓመት መምህራኗን፣ ጓደኞቿንና ፈታኙን አካል በአንድ ጊዜ እንድትቀይር ማድረግ ያለ በቂ ምክንያት የሚጫንባት ሸክም ይሆናል። በአሁኑ የትምህርት አደረጃጀት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከዘጠነኛ ክፍል ስለሚጀምር፣ ስምንተኛን አዲስ አበባ ጨርሳ ዘጠነኛን እዚህ ባሕር ዳር ብትጀምር ሁሉም ተማሪ ለትምህርት ቤቱ አዲስ በሚሆንበት ጊዜ ትገባለች። የአራት ዓመቱ ልጅ በትምህርት በኩል አያሳስብም፤ እሱን በተመለከተ የሚያሳስበው ወባ ነው።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ይህ ልዩነት ጠዋት ጠዋት ያለ ወፍራም ሹራብ ለመውጣት ያስችላል፤ ነገር ግን በአገራችን ወባ በአብዛኛው የሚያሰጋው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች መሆኑን አይዘንጉ። ዋናው የወባ ወቅት ዝናቡ ካበቃ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር አካባቢ ሲሆን፣ ግንቦትና ሰኔ ላይም አነስ ያለ ማገርሸት ይኖራል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሕፃን በሽታውን የለመደ ሰውነት የለውም፤ በዚያ ላይ ገና ትንሽ ልጅ ነው። ስለዚህ ቤት በሚመርጡበት ጊዜ ከሐይቁ እይታ ይልቅ በዙሪያው ውኃ የሚያቁር ረግረግ፣ ያልተደፈነ ጉድጓድ ወይም በመስኖ የሚለማ ማሳ መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። አጎበር በሁሉም አልጋ ላይ ይሰቀል፤ ልጁ ትኩሳት ካሳየ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ከመስጠት ይልቅ በዚያው ቀን ደሙን ማስመርመር ይገባል። ልጆች በሐይቁ ዳርቻ ባለው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ እንዳይጫወቱም ይከልክሏቸው፤ በጣና ዳር ብልሃርዚያ አለ። የሐይቁን ዳር ለእግር ጉዞና ቆረሶ የተባለውን ዓሣ ለመብላት መውደድ ይበቃል፤ በባዶ እግር የሚገቡበት መዝናኛ አድርገው የሚያስተዋውቁትን አትስሟቸው።

ወባን ብቻ ካሰብን ጎንደር ትሻል ነበር፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሯም ለአዲስ አበባ ሰው ይቀርባል። በ1947 ዓ.ም. በተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጀመረው የሕክምና ትምህርቷና የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልም የሚናቁ አይደሉም። ነገር ግን ጎንደር ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትዎ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም በወጡ ቁጥር ይህን በእግራቸው ይከፍሉታል። የቧንቧ ውኃ እጥረቱም የቆየ ችግር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት። መንገዶቿ ሰፋፊና ዛፍ ያላቸው ስለሆኑ በባጃጅ ብቻ ሳይሆን በእግርና በብስክሌት ገበያ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ስለ መንገድ ላይ ጊዜ ላነሱት ምሬት ትልቁ መልስም ይህ ይመስለኛል። ለእናትዎ ሕክምና ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በከተማው ውስጥ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ላይ ይገኛሉ። ባለቤትዎ ብቻቸውን በሚቆዩበት ዓመት እናትዎ በየቀኑ የሚወስዱት የግፊት መድኃኒት በከተማው ፋርማሲዎች በየወሩ ሳይቋረጥ መገኘቱን እንዲከታተሉ ያድርጉ፤ አንድ ጊዜ ተገኘ ማለት ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው አለዝቦ ወደሚናገረው ጉዳይ ልምጣ። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የተነሳው ግጭት መዛወርን ከተራ የአድራሻ ለውጥ በላይ አድርጎታል። ከአዲስ አበባ በሞጣ በኩል ወደ 490 ኪሎ ሜትር፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ደግሞ ከዚያ የሚበልጠው መንገድ ሰላማዊ በሆነ ጊዜ በአንድ ቀን የሚያልቅ ጉዞ ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚቀረው አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጀው በረራ ነው። ስለዚህ ለቅሶ ወይም ድንገተኛ ሕመም ቢገጥማችሁ ለአምስት ሰው የደርሶ መልስ የአውሮፕላን ቲኬት የሚሆን ገንዘብ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ ይህን መጠባበቂያ መያዝ የማይችል ቤተሰብ ለጊዜው ባይዛወር እመርጣለሁ። የእርስዎ ሥራም በዚሁ ምክንያት ይነካል። ግጭቱ በተነሳበት ጊዜ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጦ ስለነበር፣ ገቢዎ በስልክ ኢንተርኔት ላይ ብቻ እንዳይመሠረት የሚከራዩት ቤት የመስመር ኢንተርኔት የሚገባለት መሆኑን ውል ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ለደንበኞችዎም የመቋረጥ ዕድል መኖሩን አስቀድመው ይንገሯቸው።

ኮንዶሚኒየሙን አይሽጡ ያልኩዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኑሮው ባይስማማችሁ ወይም የጸጥታው ሁኔታ ቢብስ የምትመለሱበት ቤት ሊኖር ይገባል፤ የአዲስ አበባን ቤት ሸጦ የወጣ ሰው በተመሳሳይ ዋጋ ተመልሶ መግዛት እንደሚቸገር እርስዎም ያውቁታል። ከባሕር ዳር ጫፍ በርካሽ የሚቀርቡ ቤቶችም አሉ፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕጋዊ ይዞታ የሌላቸው፣ ሰው የጨረቃ ቤት የሚላቸው ናቸው። ደላላው የቱንም ያህል ቢምል የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ከከተማው አስተዳደር ጋር ሳያመሳክሩ አንድ ብር አይክፈሉ።

ሰፈርን በተመለከተ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን መርጠው ቤቱን ከዚያ አጠገብ ይፈልጉ። ዓባይ ማዶ ኪራይ ቢስማማችሁ አትፍሩት፤ በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ቀድሞ በጠባቡ ድልድይ ላይ የነበረውን ጥበቃ አቃሎታል። እርስዎም ለውሳኔ ስትመጡ ለጥምቀት አትምጡ፤ በጥር ከተማዋ ለማንም ደስ ትላለች። አንድ ጊዜ ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ሠላሳ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሲወርድ እናትዎንም ይዘው ጥቂት ቀናት ይቆዩ።

ለመዛወር ስትነሱ ከወረዳችሁ መሸኛ፣ ከልጅዎ ትምህርት ቤት ደግሞ መልቀቂያና የውጤት ማስረጃ ቢሮዎች ሥራ ሳይበዛባቸው በጊዜ ይውሰዱ። የእናትዎን የገርጂ ዕድር ግን እንዳያስወጧቸው አደራ፤ ወርኃዊ መዋጮውን በስማቸው የሚከፍል ጎረቤት ይወክሉላቸው፤ እዚህም በሚከራዩበት ሰፈር ባለው ዕድር የመግቢያውን ከፍለው በመጀመሪያው ወር ያስመዝግቧቸው።