«ሥራው የኔ፣ ወንበሩ የዘመድ»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከሰንጋ ተራ፣ ከሜክሲኮ፣ ከለገሃርና ከካዛንቺስ ትልልቅ ሕንፃዎች ናቸው። ባንክ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ አስመጪ አለ። ቅሬታው ግን ተመሳሳይ ነው። የሚለፋው ሌላ፣ የሚያድገው ሌላ። አምስቱን መርጫለሁ።

«ሁለት ዓመት አክቲንግ (ተጠባባቂ ኃላፊ) ሆኜ ክፍሉን መራሁ። ባለፈው ወር የውስጥ ማስታወቂያ እንኳ ሳይወጣ የአንድ ኃላፊ ዘመድ ከውጭ መጥቶ ተቀመጠበት። አሁን ሥራውን የማሳየው እኔ ነኝ። ልልቀቅ ወይስ ልክሰስ?» (የባንክ ሠራተኛ፣ ሰንጋ ተራ)

ወንድሜ፣ መናደድህ ትክክል ነው። የተነጠቅከውን ሥራ ለነጠቀህ ሰው ማስተማር ያማል። ግን ከመልቀቅም ከመክሰስም በፊት የምትሠራው ነገር አለ።

መጀመሪያ የድርጅታችሁን የዕድገት መመሪያና የኅብረት ስምምነቱን (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙትን) አግኝተህ አንብብ። ክፍት ቦታ በውስጥ ማስታወቂያ ይወጣል የሚል አንቀጽ ካለ ጥያቄህን እሱ ላይ ትከል። ማስታወቂያው መቼ ወጣ? መስፈርቱ ምን ነበር? እነማን ተወዳደሩ? ይህን በጽሑፍ ጠይቅ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብተህ ግልባጩ ላይ ቀንና ፊርማ አስደርግ። በቃል የጠየቅከውን ነገ «አልሰማሁም» ይሉሃል።

የሰውየውን ዝምድና ደብዳቤው ውስጥ አታስገባ። አንዴ «የእገሌ ዘመድ ነው» ካልክ ወሬው ስላንተ ምቀኝነት ይሆናል፤ የተጣሰው መመሪያ ይረሳል። አድልዎ የሚመቸው መስፈርቱ ባልተጻፈበት ወይም ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈበት ቤት ነው። አንተ መሳቢያውን አስከፍት።

ሕጉንም እወቀው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዕድገት አሰጣጥ ሥርዓትን ከወል የሥራ ክርክሮች፣ ማለትም የሠራተኞች የጋራ ጉዳይ ከሆኑት ይመድበዋል። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበራችሁ ጉዳዩን ይዞ መከራከር ይችላል። ማኅበር ከሌላችሁ አሥር ሠራተኛና ከዚያ በላይ ባለበት ድርጅት ማቋቋም ይቻላል። ቅሬታ ማቅረብህ ደግሞ ለመባረር ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም።

ያልተከፈለህ የአክቲንግ አበል ካለ አትዘግይ። የደመወዝና መሰል ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው ካለፈ መብትህን መጠየቅ አትችልም። «ቀስ ብሎ ይስተካከላል» ሲሉህ ወሩ እየነጎደ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገህ መልቀቅን ከመረጥክ በወጉ ልቀቅ። የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ስጥ። የሥራ ልምድ ማስረጃህንም ጠይቅ፤ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ማስረጃው ላይ በአክቲንግነት የመራኸው ሥራም እንዲሰፍር ጠይቅ።

«በኤጀንሲ የተቀጠርኩ ጽዳት ነኝ። አሳንሰሩ ለስታፍና ለእንግዳ ነው ተባልን። ባልዲ ይዤ ዘጠነኛ ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል።» (ከሜክሲኮ አካባቢ፣ በልጃቸው ያስጻፉ)

እማማ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ውኃ የሞላ ባልዲ፣ እርጥብ ደረጃ፣ የሚያምም ጉልበት። ይህ የደንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አደጋም ነው።

በወረቀት አሠሪዎ ኤጀንሲው ነው። አዋጁ አሠሪ የሠራተኛውን ሰብዓዊ ክብር እንዲጠብቅና ከሥራ አደጋ እንዲከላከል ያስገድዳል። ስለዚህ አቤቱታው ለኤጀንሲው ይድረስ፣ ግልባጩም ለሕንፃው አስተዳደር። ብቻዎን አይሂዱ። አብረውዎት የሚሠሩት ሁሉ ይፈርሙበት። አንድ ሰው ይቀየራል፤ አሥራ ሁለት ሰው በአንዴ መቀየር ግን ለኤጀንሲውም ይከብዳል።

እዚህ ላይ ለሌሎቻችሁ አንድ ነገር ልበል። የአለቃ አድልዎ አንገፈገፈን ብላችሁ የምትጽፉልኝ ብዙዎቻችሁ የምትሠሩት በእንዲህ ያለ ሕንፃ ነው። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛችሁን የሚወለውሉትን ሴት ስማቸውን ታውቃላችሁ? አሳንሰሩ ሲከፈት ባልዲ ይዘው ደረጃው ጋ ቆመው ስታዩ «ይግቡ እማማ» ማለት ምንም አያስወጣም። ጥበቃው ሊከለክላቸው ቢመጣ «ከእኔ ጋር ናቸው» በሉት። በዚሁ ሳምንት ጀምሩት።

«ከወሊድ ፈቃድ ስመለስ ዕድገቱ ለሌላ ተሰጥቷል። በውጤት እኩል ነበርን። አለቃዬ ‹አንቺ አሁን ሐሳብሽ ቤት ነው› አለኝ።» (ከካዛንቺስ)

እህቴ፣ ይህን ንግግር ከነቀኑና ከነሰዓቱ ጻፊው። ማን ሰማ? እሱንም ጻፊ። በጾታ ምክንያት ማዳላት በአዋጁ የተከለከለ ነው። እንዲያውም ሴትና ወንድ ለዕድገት ተወዳድረው እኩል ውጤት ካመጡ ቅድሚያው ለሴቷ ነው። እኩል መሆናችሁን የሚያሳየውን የውድድር ውጤት በጽሑፍ ጠይቂ። ያ ወረቀት እጅሽ ከገባ ክርክርሽ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

«‹ሥራ አስኪያጅ› ተብዬ ተሾምኩ። ደመወዙ ብዙም አልጨመረም። የትርፍ ሰዓት ስጠይቅ ‹አንተ ማኔጅመንት ነህ› አሉኝ። እውነት ነው?» (ከለገሃር)

የሚወስነው የተሰጠህ ሥልጣን ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፤ የሥራ መሪ የሚባለው ግን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። አንተ የዓመት ፈቃድ እንኳ ማጽደቅ ካልቻልክ በሩ ላይ የተለጠፈው ማዕረግ ብቻውን መብትህን አይወስድብህም። የሥራ መዘርዝርህን ይዘህ የሕግ ባለሙያ አማክር።

«አጎቴ እዚሁ ከፍተኛ ኃላፊ ነው፤ ያስገባኝም እሱ ነው። ሥራዬን እወዳለሁ፣ እለፋለሁም። ግን ምሳ ላይ ስቀመጥ ወሬ ይቆማል። ምን ላድርግ?» (ወጣት ሠራተኛ፣ ሜክሲኮ)

በዚህ በኩል የጻፈልኝ የለም ነበርና አመሰግንሃለሁ። ጥፋቱ የጀመረው ከአንተ በላይ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን በእጅህ ነው።

ልፋትህ ብቻ አያስታርቅህም። ጓደኞችህም ይለፋሉ፤ እነሱን የሚያስከፋቸው ሳይወዳደሩ መቅረታቸው ነው። አጎትህ የሚወስንበት ዕድገት፣ ሥልጠና ወይም የውጭ ጉዞ ሲመጣ «እኔን ተወኝ፣ ካልሆነም ከኮሚቴው ውጣ» በለው። ከባድ ንግግር ነው፣ አውቃለሁ። ታላቅን እንዲህ ማለት በእኛ ቤት አልተለመደም። እሑድ ቤቱ ሄደህ በአክብሮት፣ ለብቻው ንገረው። ቢሮ ውስጥ ደግሞ የሰማኸውን የቤተሰብ ወሬ ለማንም አታውራ፣ የቢሮውንም ወደ እሱ አትውሰድ። ጓደኞችህ ከሁሉም በላይ የሚፈሩት ወሬ አመላላሽ እንዳትሆን ነው።

ቀጣዩ ክፍት ቦታ ሲመጣ ማስታወቂያው ቦርድ ላይ እንዲለጠፍ ከሚጠይቁት ጋር አብረህ ፈርም።