የባልና ሚስት የደመወዝ ግብር፦ ተደምሮ ነው ወይስ ለየብቻ የሚሰላው?

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ጎንደር የምንኖር ደመወዝተኞች ነን። እኔ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኛ ስሆን ያልተጣራ ደመወዜ 11,500 ብር ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ እዚሁ ከተማ ባለ የፌደራል መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ በ8,400 ብር ይሠራል። አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ ከባሏ ጋር ገቢያቸውን ደምረው ግብራቸውን ከሠንጠረዥ ላይ እንደሚያነቡ ስትነግረኝ፣ እኛም ደመወዛችንን ደምረን በአዲሱ ሠንጠረዥ ብናሰላው 4,915 ብር ወጣ። በየወሩ ከሁለታችን የሚቆረጠው ግን 3,350 ብር ነው። ልዩነቱ አንድ ቀን ውዝፍ ተብሎ ይመጣብን ይሆን? ደግሞም 9,900 ብር የሚከፈላት ባልደረባዬ፣ ደመወዟን 10,100 ብር የሚያደርሰውን እድገት «30 በመቶ ውስጥ ያስገባኛል» ብላ ልትተወው አስባለች፤ ልክ ናት? በመጨረሻም አዘዞ ያለንን ቤት ብናከራየው ኪራዩ ከደመወዛችን ጋር ይደመራል?
አንባቢ፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ውዝፍ አይመጣባችሁም፤ የሚቆረጠው 3,350 ብር ትክክለኛው ግብር ነው። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር ሕግ ግብር ከፋዩ እያንዳንዱ ግለሰብ እንጂ ቤተሰቡ አይደለም። እርስዎም ባለቤትዎም የየራሳችሁ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አላችሁ፣ ግብራችሁንም የየራሳችሁ ቀጣሪ ከደመወዛችሁ ላይ ቀንሶ ገቢ ያደርጋል፤ ጋብቻ ሁለቱን ደመወዞች አንድ አያደርጋቸውም። ከአንድ ቀጣሪ ደመወዝ ብቻ የሚያገኝ ሠራተኛም ዓመቱ ሲያልቅ የሚያቀርበው የግብር ማስታወቂያ የለም።

የተጠቀማችሁበት ሠንጠረዥ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የወጣው ነው። በዚህ ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ደመወዝ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ብር 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ብር 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ላለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ለፈጣን ስሌት ከእያንዳንዱ ምጣኔ ጎን የሚጻፈው ተቀናሽ እንደ ቅደም ተከተላቸው 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ብር ነው። የእርስዎ 11,500 ብር በ30 በመቶ ሲባዛ 3,450 ብር ይሆናል፣ 1,350 ሲቀነስለት 2,100 ብር ይቀራል። የባለቤትዎ 8,400 ብር በ25 በመቶ 2,100 ብር ይሆናል፣ 850 ሲቀነስ 1,250 ብር ይመጣል። ሁለቱ ግብሮች አንድ ላይ 3,350 ብር ናቸው። ስሌቱ የ7 በመቶው የጡረታ መዋጮ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ መሠራቱን ልብ ይበሉ፤ መዋጮው ከእርስዎ 805 ብር፣ ከባለቤትዎ 588 ብር ስለሆነ በእጃችሁ የሚገባው 8,595 እና 6,562 ብር ነው። አሮጌው ሠንጠረዥ አሁንም በአንዳንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሊገኝ ስለሚችል፣ ከግብር ነጻ የሆነው የመጀመሪያው መደብ 600 ብር ሆኖ ካገኙት እንዳይጠቀሙበት አደራ እላለሁ፤ በእሱ ቢሰላ የእርስዎ ግብር 2,525 ብር ይሆን ነበር።

ይህ ተቀናሽ ምን እንደሆነ ሳይገለጽ በቃል ብቻ ስለሚሸመደድ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የባልደረባዎም ስጋት የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። ደመወዝ በተርታ በተቀመጡ እንስራዎች እንደሚሞላ ውኃ ነው፤ የመጀመሪያው ሲሞላ የተረፈው ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ያልፋል፣ እያንዳንዱም የሚከፍለው በራሱ ምጣኔ ብቻ ነው። የ11,500 ብር ደመወዝ ላይ የመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም አይከፈልበትም፤ ቀጣዩ 2,000 ብር 300፣ ከዚያ ያለው 3,000 ብር 600፣ ሌላው 3,000 ብር 750፣ የቀረው 1,500 ብር ደግሞ 450 ብር ያስከፍላል፤ ሲደመር ያው 2,100 ብር ነው። ደመወዙን በሙሉ በ30 በመቶ ስናባዛ ግን ታችኞቹን መደቦች ከሚገባቸው በላይ አስከፍለናቸዋልና፣ ያን ትርፍ መልሶ የሚያወጣልን 1,350 ብሩ ነው። ሌሎቹም ተቀናሾች እንዲሁ የተገኙ ናቸው፤ 300 ብር የ2,000 ብር 15 በመቶ ነው፣ 500 ብር ደግሞ በዚያው 300 ላይ የ4,000 ብር 5 በመቶ ተጨምሮበት ነው።

ስለዚህ ባልደረባዎ እድገቱን ይቀበሉ። በ9,900 ብር የሚከፍሉት ግብር 1,625 ብር ነው፤ በ10,100 ብር 1,680 ብር ይሆናል። ከተጨመረው 200 ብር ላይ ግብሩ 55፣ ጡረታው 14 ብር ይወስዳል፣ 131 ብር ይተርፋቸዋል። 30 በመቶ የሚከፍለው ከ10,000 ያለፈው 100 ብር ብቻ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ደመወዝ ጨምሮ በእጅ የሚገባው የሚያንስበት ቦታ የለም። ሰዎች በዚህ ፍርሃት እድገት መተዋቸው በጣም ያሳዝነኛል፤ እድገቱ በየዓመቱ ከሚከተለው ጭማሪ በተጨማሪ ወደፊት የጡረታ አበልንም የሚነካ ነውና።

አሁን ወደ ድምራችሁ እንመለስ። 19,900 ብር በ35 በመቶ 6,965 ብር ይሆናል፣ 2,050 ሲቀነስ 4,915 ብር ይመጣል፤ በስሌትነቱ ስሕተት የለበትም። ስሕተቱ ለአንድ ሰው የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ ለሁለት ሰው መጠቀም ላይ ነው። ሲደምሩት የባለቤትዎ ደመወዝ በእርስዎ ደመወዝ አናት ላይ ይጫናል፤ ከ8,400 ብሩ 2,500ው በ30 በመቶ፣ 5,900ው በ35 በመቶ ተቆርጦ 2,815 ብር ያስከፍላል። ከግብር ነጻ የሆነው የራሳቸው 2,000 ብርና ዝቅተኛዎቹ መደቦች በሙሉ ይጠፋባቸዋል ማለት ነው። በ2,815 እና በ1,250 መካከል ያለው 1,565 ብር እናንተን ያስጨነቀው ልዩነት ራሱ ነው።

እኅትዎም የነገሩዎት እውነት ነው፤ ሠንጠረዡ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ ባልና ሚስት ከፈለጉ ገቢያቸውን በአንድነት፣ ካልፈለጉም ለየብቻ ማስታወቅ ይችላሉ። የፌደራል መንግሥቱ የግብር ሠንጠረዥ ግብር የሚከፈልበት ገቢያቸው ከ100,000 ዶላር በታች ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀ ነው፤ ገቢው በአብዛኛው በየ50 ዶላር ተከፋፍሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ በጎን ደግሞ ላላገባ፣ በአንድነት ለሚያስታውቁ ባለትዳሮች፣ ለየብቻ ለሚያስታውቁ ባለትዳሮችና ለቤተሰብ ኃላፊ አራት ዓምዶች አሉት። የሚያዩትም የወር ደመወዝን ሳይሆን የዓመት ገቢን፣ ያውም ተቀናሹ ከወጣለት በኋላ ነው፤ የእነሱ ተቀናሽ እንደ እኛ ከግብሩ ላይ ሳይሆን ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ የሚቀነስ ነው። ለምሳሌ በ2024 እ.ኤ.አ. በአንድነት 64,500 ዶላር ያገኙ ባልና ሚስት መደበኛውን ተቀናሽ 29,200 ዶላር ሲያወጡ 35,300 ዶላር ይቀራቸዋል፤ በ35,300 እና በ35,350 መካከል ባለው መስመር በባለትዳሮቹ ዓምድ የሚያገኙት ግብር 3,775 ዶላር ነው። ዋናው ነጥብ የ10 በመቶው መደብ ላላገባ ሰው እስከ 11,600 ዶላር፣ በአንድነት ለሚያስታውቁ ባለትዳሮች ግን በእጥፉ እስከ 23,200 ዶላር መዘርጋቱ ነው። እዚያ ገቢው ቢደመርም መደቡም አብሮ ይሰፋል፤ የእኛ ሠንጠረዥ ግን የባለትዳሮች ዓምድ የለውምና መደመሩ ቦታ የለውም።

በእኛ ሕግ ደመወዝ የሚደመረው አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሁለት ቀጣሪዎች ሲከፈለው ነው። ባለቤትዎ ማታ ማታ ሌላ ቦታ ተቀጥረው ቢሠሩ፣ የሁለቱ ቦታ ደመወዛቸው አንድ ላይ ሆኖ በዚሁ ሠንጠረዥ ይሰላል፤ የእርስዎን ደመወዝ ግን አይነካውም።

የአዘዞው ቤት ኪራይ ከደመወዛችሁ ጋር አይደመርም። የኪራይ ገቢ ግብር የሚከፈለው በሠንጠረዥ «ለ» ነው፤ እሱም በዓመት የሚሰላ ሲሆን የመጀመሪያው 24,000 ብር ከግብር ነጻ ነው። ደመወዛችሁ በሠንጠረዥ «ሀ» እንደተለመደው በየወሩ ይቆረጣል፤ የኪራዩን ግብር ግን የሚቆርጥላችሁ ቀጣሪ ስለሌለ ራሳችሁ ማስታወቅ ይኖርባችኋልና፣ ተከራዩ ከመግባቱ በፊት የኪራይ ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ የወጪ ደረሰኞቻችሁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አስቀምጡ።