ስድስቱ የፍጥረት ቀናት ባለ 24 ሰዓት ናቸው?

ጥያቄ፦ በጽዋ ማኅበራችን ክርክር ተነሣ። ፀሐይ በአራተኛው ቀን ከተፈጠረች፣ የፊተኞቹ ሦስት ቀናት በምን ተለኩ? (ከጅማ፣ ሂርማታ)

መልስ፦ ጥያቄው የቆየ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ «አንድ ቀን» የሚለውን 24 ሰዓት ብሎ ተርጉሞታል፤ የፊተኞቹን ቀናት ያፈራረቀውም በመጀመሪያው ቀን የተፈጠረው ብርሃን ነው ይላል። አውግስጢኖስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደ ተፈጠረ፣ ቀናቱም የሰዓት ልክ እንዳልሆኑ ጽፏል። ሁለቱም የከበሩ መምህራን ናቸውና በዚህ ተነሥቶ ወንድምን መናፍቅ ማለት አይገባም።

ለውይይቱ ዘፍጥረት 1ን ከ2፥4 ጋር አንብቡ። በዕብራይስጡ «ዮም» የሚለው ቃል በ1፥5 ላይ መጀመሪያ ብርሃኑን ብቻ፣ ቀጥሎ ማታና ጠዋቱን በአንድነት ይጠራል፤ በ2፥4 «ባደረገ ቀን» ሲል ደግሞ የፍጥረትን ጊዜ በሙሉ ያጠቃልላል። ሰባተኛው ቀን ላይ «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ» የሚለው የለም፤ ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። በሌላ በኩል ዘፀአት 20፥11 ሰንበትን በስድስቱ ቀን ላይ ስለሚያቆም፣ ቃል በቃል የሚተረጉሙት ትልቁ ማስረጃቸው እሱ ነው።

ብዙ ጊዜ ክርክሩን የሚያበላሸው «በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት» የሚለውን 2ኛ ጴጥሮስ 3፥8ን እንደ ሒሳብ ቀመር ወስዶ 6 ሺህ ዓመት ማውጣት ነው። ጥቅሱ ስለ ጌታ ትዕግሥት እንጂ ስለ ፍጥረት ቀናት ርዝመት አይናገርም።